ሞኬቱን አንስተሽ ምን ታነጥፊ? ውሻና ድመት ላለበት የአዘዞ ቤት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ባጭሩ ልድገመው። ቤታችሁ ጎንደር፣ አዘዞ ነው፤ ፎቅ የሌለው የብሎኬት ቤት፣ ከተሠራ 14 ዓመቱ። ሳሎኑና ሁለቱ መኝታ ቤቶች ሊሾ ላይ በኮላ የተለጠፈ ሞኬት አላቸው። አንድ ትልቅ የ9 ዓመት ውሻና ሁለት ድመቶች አሏችሁ፤ ቀን ውጭ ይውላሉ፣ ማታ ቤት ይገባሉ። ክረምት ሲመጣ ቤቱ ይሸታል፣ ሞኬቱ ታጥቦም ሽታው አይለቅም። ባለቤትሽ የእንጨት መልክ ያለው ላሚኔት ይላል፣ አንቺ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አይተሽ ወደሻል፣ እህትሽ ደግሞ "ቪኒል ይሻልሻል" ብላሻለች። እናትሽ በየቀኑ ሳሎን ውስጥ ቡና ያፈላሉ። ሳሎኑ 5 በ6 ሜትር ነው። ጥያቄሽ "ውሻው የማይቧጭረው የቱ ነው?" የሚል ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለሳሎኑና ለመተላለፊያው ማት ፖርሴሊን አንጥፊ፤ ውሃ የማይጠጣውን ጠንካራ ሴራሚክ፣ የማያብረቀርቀውን ማለቴ ነው። ለመኝታ ቤቶቹም ገንዘቡ ከደረሰ ያንኑ፣ ካልደረሰ ኤስፒሲ የሚባለውን ጠንካራ ቪኒል። ላሚኔቱን ተዉት። ግን ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ከሞኬቱ ስር ያለው ሊሾ መታየትና መታከም አለበት። እሱ ካልታከመ ከላይ ምንም ብታነጥፉ ሽታው ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ሥራ ስኖር ሰው ገንዘቡን ከስክሶ ሲያዝን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ስለ መቧጨር የጠየቅሽው ትክክል ነው፣ ግን ሁለተኛ ጉዳይ ነው። እንስሳት ባሉበት ቤት ወለልን የሚገድለው ጥፍር ሳይሆን ሽንት ነው። የጥፍር ጭረት መልክ ያበላሻል እንጂ ወለሉን አይጥለውም። ሽንት ግን ስር ይገባል። ትኩስ ሳለ ያን ያህል አይሸትም። ውስጡ ዩሪያ አለ፤ ባክቴሪያ ዩሪያውን ሲሰብረው አሞኒያ ይወጣል፣ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። የድመት ደግሞ የባሰ ነው፤ ፌሊኒን የሚባል ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር በሽንቷ ውስጥ አለ፣ በተለይ ባልተኮላሸ ወንድ ድመት ላይ ይበዛል፣ ቀን በቆየ ቁጥርም እየተሰባበረ ሽታው ይከፋል። ሞኬት ይህን ሁሉ ጠጥቶ ወደ ስፖንጁ፣ ስፖንጁም ወደ ሊሾው ያስተላልፈዋል። ሊሾ ደግሞ ሲሚንቶ ነው፤ ዓይንሽ የማያያቸው ቀዳዳዎች ሞልተውታል፣ ይጠጣል። በበጋ ይደርቅና ዝም ይላል። ክረምት አየሩ ሲረጥብ፣ ከመሬትም እርጥበት ሲመጣ፣ እዚያ ውስጥ የደረቀው ጨው ውሃ ይስብና እንደገና ይሸታል። "ክረምት ሲመጣ ይሸታል" ያልሽው እንግዲህ ይህ ነው። ሞኬቱን ስታጥቢው ደግሞ በውሃው ወደ ታች እየገፋሽው ነበር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ማንም የሚያደርገው ነው።

ስለዚህ ሥራው በማንሳት ይጀመር። ሞኬቱን በሰፊው ሳይሆን ግማሽ ሜትር እየቆረጣችሁ ጠቅልሉት፤ ይቀላል፣ አቧራውም አይበተንም። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ ቁንጫ። ቁንጫ እንስሳው ላይ ትኖራለች እንጂ እንቁላሏ መሬት ላይ ነው የሚወድቀው፣ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል (እጩ) ሞኬት ውስጥ ነው የሚያድገው፣ ከዚያም ሽፋን ሠርቶ ውስጡ ወራት ሊቆይ ይችላል። ሞኬቱ ሲነሳ የእግር ንዝረትና ሙቀት ሲሰማቸው አንዴ ይፈለፈላሉ። ውሻውንና ድመቶቹን በዚያው ሰሞን በእንስሳት ሐኪም አሳክሚ። አደራ፣ ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ መድኃኒት ድመት ላይ እንዳታደርጊ። ለውሻ የሚሆነው ለድመት ገዳይ መርዝ ነው። በወለል ማጽጃም እንደ ዴቶልና ክሬኦሊን ያሉትን ድመት ባለበት ቤት አልመክርም፤ እግሯ ላይ ይቀራል፣ ትልሰዋለች፣ ጉበቷም አይችለውም።

ሊሾው ሲጋለጥ የሽንቱን ቦታ መለየት አለባችሁ። በዓይን የሚታየው ጥቂቱ ነው። የብር ኖት የሚፈትሹበትን ሰማያዊ መብራት ያላት ትንሽ ባትሪ ታውቂያታለሽ? እሷን ያዢና ማታ መብራት አጥፍታችሁ ወለሉን ዙሩት። የቆየ ሽንት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በጠመኔ ክበቡት። ብዙ ጊዜ ግድግዳ ጥግ፣ መጋረጃ ስርና በር አጠገብ ነው የሚገኘው።

አሁን ኮላውን በስፓቱላ ፋቁ። ምልክት ያደረጋችሁበትን ቦታ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ውሃውን በጨርቅ እያስመጠጣችሁ አውጡ፤ ከተዋችሁት ተመልሶ ይሰርጋል። ለእንስሳት ሽታ የተሠራ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ካገኘሽ ከዚህ በኋላ አፍስሺበትና በላስቲክ ሸፍነሽ ሙሉ ሌሊት እርጥብ እንደሆነ ተዪው። ኢንዛይም ጊዜ ይፈልጋል፤ ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በረኪና አታፍሱበት! ብዙ ሰው ሽታ ሲያስቸግረው መጀመሪያ የሚያነሳው በረኪና ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ዓመታት ሽንት የጠጣ ወለል ላይ፣ ያውም እናትሽ አጠገብ ሆነው፤ በፍጹም። ኢንዛይሙንም ያበላሸዋል።

ታጥቦ ከደረቀ በኋላ አሽትቱት። ተንበርክከሽ፣ አፍንጫሽን አስጠግተሽ። ከሸተተ ድገሙት። ከሁለተኛው በኋላም ከቀረ ሁለት መንገድ አለ፦ የተበላሸውን ሊሾ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ አዲስ መሙላት፣ ወይም በኢፖክሲ ፕራይመር (ሲደርቅ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ) ሁለት እጅ ቀብቶ መዝጋት። እኔ ቦታው ትንሽ ከሆነ ቆርጬ እሞላለሁ፣ ሰፊ ከሆነ እዘጋለሁ። ከዘጋችሁ ግን ሴራሚክ ሰሪው ይወቀው፤ ኢፖክሲ ላይ ማጣበቂያ በደንብ እንዲይዝ ሳይደርቅ ንጹሕ አሸዋ ይበተንበታል፣ ያኔ ሻካራ ይሆናል።

አዘዞ ስትይኝ ሁለተኛ ያሰብኩት ስለ መሬቱ ነው። አዘዞም በአቅራቢያው ያለው ጠዳም ብዙ ቦታው ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ማሳ ላይ አይተሽ ይሆናል። ቤቱ ሲሠራ ዋልካው ተነስቶ በደንብ ጠጠርና ሰለክት (ተመርጦ የመጣ፣ የማያብጥ) አፈር ካልተሞላ ወለሉ በየዓመቱ ይተነፍሳል። ሴራሚክ ደግሞ አይተጣጠፍም። ከስሩ ያለው ሲሰነጠቅ እሱም በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

ይህን የተማርኩት በሰው ቤት ነው፣ ዛሬም ሳስታውሰው ያሳዝነኛል። ጠዳ አካባቢ አንድ ቤት ሊሾው ላይ ቀጭን ስንጥቅ አይቻለሁ፤ ባለቤቶቹ ለሠርግ ቸኩለው ነበር፣ እኔም በሲሚንቶ ደፍኜ ሴራሚኩን አነጠፍኩበት። ክረምቱ አልፎ በጥር ሲጠሩኝ ያ ስንጥቅ እንዳለ ወደ ላይ መጥቶ 11 ሴራሚክ አቋርጦ ሄዷል። በራሴ ወጪ ቀየርኩላቸው። መልኩ ግን አልገጠመም፣ ያው ሴራሚክ ከገበያ ጠፍቶ ነበርና።

ስለዚህ ሊሾችሁ ላይ ስንጥቅ ካለ ዝም ብላችሁ አትድፈኑ። ከፀጉር የቀጠነ ከሆነና ሁለቱ ጎኖች እኩል ከሆኑ ችግር የለም፣ ሲሚንቶ ሲደርቅ የሚፈጠር ነው። አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ፣ ወይም ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከከፈተ ግን መሬቱ እየሠራ ነው። በእርሳስ ስንጥቁን የሚያቋርጥ መስመር አስምሪ፣ ጫፉ ላይ ቀን ጻፊበት። ከወራት በኋላ መስመሩ ከተዛነፈ መጀመሪያ የሚታየው የግቢው ውሃ መውረጃ ነው፤ የጣሪያ ውሃ ግድግዳ ስር እየፈሰሰ ከሆነ ዋልካውን እያበጠው ነው። አሸንዳውን ሳይጠግኑ ወለል መቀየር ትርፉ ድካም ነው። ስንጥቁ የቆመ ከሆነ ደግሞ ከላዩ ስንጥቅ የማያስተላልፍ ንጣፍ ይደረጋል፣ ወይም የሴራሚኩ መገጣጠሚያ በዚያው መስመር እንዲያርፍ ተደርጎ በሲሚንቶ ፈንታ በሲሊኮን ይሞላል።

እርጥበቱንም ፈትኑ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ቁረጡና ዙሪያውን በፕላስተር ሊሾው ላይ አጣብቁት። ለሁለት ቀን ተዉት። ሲነሳ ስሩ ጠብታ ካለው ወይም ሊሾው ከጠቆረ ውሃ ከመሬት እየመጣ ነው ማለት ነው። ፖርሴሊን ይህን ይችላል። ላሚኔት አይችልም።

ስለ ላሚኔቱ ለባለቤትሽ በደንብ ንገሪው፣ መልኩ እንደሚያምር እኔም እስማማለሁ። ላሚኔት ግን ውስጡ የታመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ከላይ ያለው የእንጨት ምስልና መከላከያ ሽፋን ነው። ሻጩ "ኤሲ 4 ነው፣ ኤሲ 5 ነው" ይልሻል። ያ ቁጥር ላዩ ስንት መፈግፈግ እንደሚችል ነው የሚለካው፣ ስለ ውሃ የሚናገረው ነገር የለም። ውሻው በሌሊት ሸንቶ ጠዋት ቢገኝ ሽንቱ በመገጣጠሚያው ገብቶ ብናኙን ያሳብጠዋል፣ ጠርዙ ሽቅብ ይነሳል፣ ያበጠ ላሚኔት ደግሞ ደርቆ ወደ ቦታው አይመለስም። ውሃ የሚችል የሚባለውም ቢሆን ለሰዓታት እንጂ ለዘለዓለም አይደለም። ፓርኬትም ቢሆን ለናንተ አይሆንም፤ እንጨት ውስጥ ያለው ታኒን ከሽንት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፣ እስኪላግ ድረስ አይለቅም።

የእህትሽ ምክር መጥፎ አይደለም። ቪኒል ግን ብዙ ዓይነት ነው። በጥቅል እየተለካ የሚሸጠው ስስ የፕላስቲክ ምንጣፍ የውሻ ጥፍር ይቀደዋል፣ ጠርዙም ይገለበጣል። የተከራያችሁበት ቤት ቢሆን "እሱን አንጥፉ፣ ሳትለጥፉ፣ በዓመት በሁለት ዓመት ቀይሩት" እል ነበር። ኤስፒሲ የሚባለው ሌላ ነው፤ የድንጋይ ዱቄትና ፕላስቲክ ተደባልቆ የተሠራ፣ እንደ ጣውላ እየተቆለፈ የሚገጠም። ውሃ አያሳብጠውም። ላዩ ላይ ያለው መከላከያ ሽፋን 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ፈልጉ፣ 0.3ቱ ለትልቅ ውሻ ይሳሳል። ለእግር አይበርድም፣ ውሻም ብዙ አያንሸራትትም። ችግሩ ሁለት ነው። ሽንት ቶሎ ካልተጠረገ በመቆለፊያው በኩል ስር ይገባል፤ ቪኒሉ አይበላሽም፣ ሽታው ግን ስሩ ይታቆራል። ሁለተኛው እሳት ነው።

የናትሽን ቡና ያነሳሁት ለዚህ ነው። እዚህ አገር ስለ ወለል ስናወራ ከሰልን መርሳት የለብንም። ቡና ሲቆላ፣ ማንደጃው ሲራገብ፣ ፍም ዱብ ማለቱ አይቀርም፤ እጣንም ሲጨስ እንዲሁ። ቪኒል ላይ የወደቀ ፍም እስኪነሳ ድረስ ቀዳዳ ወይም ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ላሚኔትም እንደዚያው። ፖርሴሊን ላይ ግን በመቆንጠጫ ታነሺዋለሽ፣ በጨርቅ ትጠርጊዋለሽ፣ አለቀ። የጋለ ማንደጃ ግን ፖርሴሊን ላይም ቢሆን ቀጥታ አይቀመጥ፤ አንድ ቦታ ብቻ በኃይል ሲግል ሊሰነጠቅ ይችላል። እግር ያለው ይሁን፣ ወይም ከስሩ የተረፈ ቁራጭ ሴራሚክ አድርጉለት። ቄጠማው ሲጎዘጎዝም እርጥበቱ አያሳስባችሁም። እናት በቤታቸው ቡናቸውን ሳይሳቀቁ ማፍላት አለባቸው፤ ወለሉ ለሰው ነው የሚሠራው።

ውሃም አለ። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ በጀሪካን ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው የማናግረው። ወለሉ በአንድ ጣሳ ውሃና በአንድ ጨርቅ የሚጸዳ መሆን አለበት። ፖርሴሊን ውሃ አይጠጣም፣ ሽንቱ ላዩ ላይ ይቀመጥልሻል። ሞኬት ማጠብ ስንት ጀሪካን እንደሚፈጅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ሱቅ ስትሄጂ ምን እንደምታዪ። "ፖርሴሊን" የሚለውን ቃል ሻጭ ለሁሉም ይለጥፈዋል። እውነተኛው ፖርሴሊን ከክብደቱ 0.5 በመቶ በታች ውሃ ነው የሚጠጣው፤ ተራው የወለል ሴራሚክ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጠጣል፣ የግድግዳው ደግሞ ከ10 በመቶ በላይ። በዓይን መለየት ከባድ ነው። ግን አንዱን ገልብጪና ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጊበት። ወዲያው ከጠጣና ከጠቆረ ተራ ሴራሚክ ነው። ጠብታው እንደ ጤዛ ቆሞ ከቀረ ፖርሴሊን ነው። ማንም ሻጭ ይህን አይከለክልሽም። ከዚያ ሁለት ሴራሚክ ፊት ለፊት ግጠሚያቸው፤ መሐላቸው ክፍተት ካለ ጎባጣ ናቸው፣ ሌላ ካርቶን ይከፈትልሽ። ላዩ ኢናሜል (መስታወት መሰል ሽፋን) የተቀባ ከሆነ ፒኢአይ የሚል የመፈግፈግ ደረጃ ካርቶኑ ላይ ይኖራል፣ ከ1 እስከ 5 ነው፤ 4 ይበቃችኋል።

ማት ያልኩሽ በሁለት ምክንያት ነው። የሚያብረቀርቀው ላይ ጭረትም የእግር ዱካም ፀጉርም ይታያል፤ አንቺ ቀኑን ሙሉ ስትወለውዪ ትውያለሽ። ዋናው ግን ውሻው ነው። የ9 ዓመት ትልቅ ውሻ አርጅቷል። በሞኬት የለመደ እግር በአንዴ መስታወት በመሰለ ወለል ላይ ሲያርፍ የኋላ እግሮቹ ይከፈታሉ፣ ዳሌውና ጉልበቱ ይጎዳል፣ ከዚያ መነሳት ይፈራል። እንስሳ አያወራም፣ ጥግ ይዞ ይተኛል በቃ፣ እኛም እርጅና ነው እንላለን። ካርቶኑ ላይ አር 9፣ አር 10፣ አር 11 እያለ የማንሸራተት ደረጃ የሚጻፍበት አለ፤ አር 10 ለሳሎን ጥሩ ነው። አር 11ና ከዚያ በላይ የሆነው በጣም ሻካራ ስለሆነ ቆሻሻ ይይዛል፣ ለበረንዳ ይሁን። ካልተጻፈ አንዱን አርጥቢና በጫማሽ ተራመጂበት። የውሻውንም ጥፍር ቁረጡለት፣ በመዳፉ መሐል ያለውን ፀጉርም እንዲሁ፣ ግማሹ መንሸራተት ከዚያ ነው የሚመጣው።

የናትሽም እግር አለ በነገራችን ላይ። ለውሻ የሚያንሸራትት ለእሳቸውም ያንሸራትታል።

ቀለሙን መካከለኛ አድርጊው። አፈርማ ግራጫ፣ ወይም የድንጋይ መልክ ያለው። ነጭ ላይ የውሻ አፈር፣ ጥቁር ላይ የድመት ፀጉር ይታይሻል። ባለቤትሽ የእንጨት መልክ ከፈለገ የእንጨት መልክ ያለው ፖርሴሊን አለ፣ እንደ ጣውላ ረዥም ሆኖ የሚመጣ፣ ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል። መጠን ላይ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሳሎናችሁ 30 ካሬ ነው፤ ለቆረጣና ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ጨምሩ፣ 33 ካሬ። የ60 በ60 ካርቶን ብዙ ጊዜ 4 ፍሬ ነው፣ 1.44 ካሬ ይሸፍናል፤ ስለዚህ 23 ካርቶን። ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ሳታዪ እንዳታስጭኚ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም መጠኑም ይለያያል። የተረፈውን አትመልሺው፣ አልጋ ስር አስቀምጪው። ጠዳ የደረሰብኝን አስታውሺ።

አነጣጠፉ ላይ ሰሪውን የምትቆጣጠሪባቸው ነገሮች አሉ። ብዙ ሰሪዎች ቡኬት አራትና አምስት ቦታ ጠብ አድርገው ሴራሚኩን ይጭኑበታል። ፈጣን ነው፣ ሥሩ ግን ባዶ ይቀራል። ባዶው ላይ ከባድ ነገር ሲወድቅ ይሰነጠቃል፣ ነፍሳትም ይሰፍሩበታል። ማጣበቂያው ጥርስ ባለው የግንበኛ ማንኪያ መላው ወለል ላይ ይበተን፣ የሴራሚኩም ጀርባ ይቀባ። አንዱን ወዲያው አስነሺና ጀርባውን እዪ፤ ሙሉው ካልተነካ ይድገም። ሲደርቅ በሳንቲም አንኳኪው፣ ባዶው እንደ ከበሮ ይጮኻል። እንዲህ ስትቆጣጠሪ ሰሪው ቅር እንዳይለው በፊት ተነጋገሩ፣ ጎበዝ ባለሙያ የሚያይለት ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

መገጣጠሚያው የሽንት በር ነው። "ያለ ክፍተት አስጠግቼ አነጥፍልሻለሁ" የሚልሽን አትስሚ፣ ሴራሚክ መተንፈሻ ይፈልጋል፣ በዋልካ ላይ ደግሞ በተለይ። 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይተው። ከግድግዳው ጋርም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይተው፣ ዞኮሎው (የግድግዳ ግርጌ ሽፋኑ) ይሸፍነዋል። መሙያው ላይ ነጭ ሲሚንቶ እንዳይጠቀሙ፤ እሱ እንደ ሊሾው ይጠጣል፣ በስድስት ወር ቢጫ ይሆናል። ኢፖክሲ ግራውት ከተገኘ ቢወደድም እሱ ይሁን፣ ሽንት አያስገባም። ሲሚንቶ ላይ የተመሠረተው ግራውት ከሆነ ግራጫውን ምረጡና ከደረቀ በኋላ መከላከያ ቀቡት፣ በዓመት በዓመት ድገሙት።

ዞኮሎውን ራሱን በሴራሚክ አሠሪው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል። ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት በሲሊኮን ይዘጋ። ወንድ ድመት ቆሞ ግድግዳ ላይ ነው የሚረጨው፣ ስለዚህ ከዞኮሎው በላይ ያለውን አንድ ሜትር በዘይት ቀለም ቀቡት። ካልተኮላሸ አኮላሹት፤ ይህ ከየትኛውም ማጽጃ ይበልጣል። ለድመቶቹ ደግሞ የአሸዋ ሳጥን ለየብቻ አድርጉላቸው፣ ሞኬቱ ሲነሳ የለመዱት ሽታ ስለሚጠፋ ለጥቂት ቀን ግራ ይጋባሉ።

ቀሪ ዘመኑን ወለሉን ለማጽዳት ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ሳሙና ይበቃል። ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ ወይም ሰሪዎች ሴራሚክ የሚያጸዱበት አሲድ ደጋግማችሁ አትጠቀሙ። የፋሲልን ግንብ ድንጋይ ያያያዘው ኖራ ነው፤ ኖራን አሲድ ይበላዋል። ሲሚንቶና ከሱ በሚሠራው ግራውት ውስጥም ኖራ አለ። ፖርሴሊኑን አይነካውም፣ መገጣጠሚያውን ግን ቀስ እያለ ይቦረቡረዋል፣ ከዚያ ሽንቱ በር ያገኛል። እብነ በረድና ቴራዞ ያላችሁ ሰዎችም ይህን ያዙ፣ የናንተ ደግሞ ላዩ ራሱ ነው የሚበላው።

"ይበርዳል" ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የጎንደር ሴራሚክ እግር ያቆረፍዳል፤ ሰው ሞኬት የሚለጥፈውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ትንንሽ፣ የሚነሱ፣ ባልዲ ውስጥ የሚታጠቡ የጥጥ ምንጣፎች ናቸው። አልጋ ስር፣ ሶፋ ፊት፣ ውሻው በሚተኛበት። ውሻው ከመኝታው እስከ በሩ የሚሄድበትን መንገድም በእነሱ ሸፍኑለት። የሱፍ ምንጣፍና አጎዛ ሽንት ይይዛሉ፣ ግድግዳ ላይ ያምራሉ። መኝታ ቤት ቪኒል ካደረጋችሁ ስሩ ጎማ ያለው ምንጣፍ አታድርጉበት፣ ጎማው ከቪኒሉ ጋር ተዋህዶ የማይለቅ ቢጫ ምልክት ያወጣል።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልደረሰ ደግሞ አትጨነቂ። ሳሎኑን ዘንድሮ ሥሩ። የመኝታ ቤቶቹን ሞኬት ግን አብራችሁ አንሱት፣ ሊሾውን አጥባችሁ፣ ስንጥቁን ጠግናችሁ፣ ሁለት እጅ የወለል ኢፖክሲ ቀለም ቀቡት። ርካሽ ነው፣ ሽንት አይጠጣም፣ በኋላ ሲሞላላችሁ ከላዩ ይነጠፍበታል፤ ሴራሚክ ከሆነ ግን ላዩ መጀመሪያ ይሻከር። ሰው ሊሾ ያዋርደዋል፤ በደንብ የተለሰነና የተዘጋ ሊሾ ከመጥፎ ላሚኔት አሥር ጊዜ ይሻላል።

ጊዜው ከጥቅምት በኋላ ይሁን። ሊሾው ይደርቃል፣ መስኮት ከፍታችሁ ትሠራላችሁ። አዲስ የተሞላ ሊሾ ካለ ለ28 ቀን ያህል ይጠንክር። በሥራው ቀናት እንስሳቱን ጎረቤት ወይም ግቢ አቆዩአቸው፤ እርጥብ ሲሚንቶ መዳፋቸውን ያቃጥላል፣ ሲልሱት ደግሞ አፋቸውን። ግራውቱ ከገባ በኋላ ሁለት ቀን ጨምሩ።

ሞኬቱን ስታነሱ የሊሾውን ፎቶ ላኪልኝ። ስንጥቅ ካለ አጠገቡ የክብሪት እንጨት አስቀምጪበት፣ ስፋቱን ከዚያ እገምታለሁ። የግድግዳውን ውጫዊ ጎን፣ የጣሪያ ውሃ የሚወርድበትንም አንሺልኝ።